የፈንታነሽ ሁለተኛ ዓይን

«ሁለተኛው ዓይኗስ የት ሄደ?»

እትዬ አሰለፈች ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከጎናቸው የቆመ ሰው ብቻ እንዲሰማ አድርገው ነበር የተናገሩት። ግን ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ማዕዱ ተባርኮ፣ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ምግቡ በሰደደበት ጸጥታ ውስጥ ስለነበር ጥያቄው እስከ ዳሱ ጥግ ደረሰ።

ከጎናቸው የቆመችው ብርቱካን ናት። ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል የሠራችውም እሷ ናት። ሥዕሉ የእትዬ አሰለፈች ልጅ የፈንታነሽ ነው፤ የዕለቱ ተዝካርም የእሷ። ፈንታነሽ ሥዕሉ ላይ ወደ ጎን ዞራ ትታያለች፤ ግንባሯ፣ የአፍንጫዋ መስመር፣ አገጯ፣ አንድ ዓይኗ። ከአንገቷ በታች ያለው ሁሉ ቀሚስ ነው። ቀይና አረንጓዴው ጥለት ከደረቷ ተነሥቶ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ይወርዳል። ብርቱካን ጠዋት ስትሰቅለው የሚያምር መስሏት ነበር።

«ጎኗን ስለሆነ ነው እትዬ» አለች። «ሰው ጎኑን ሲሆን የሚታየው አንዱ ዓይን ነው።»

«እሱማ አልጠፋኝም። የት ሄደ ነው የምልሽ።»

 ብርቱካንን ይህን የጠየቃት ሥራውን የተማረችበት የኪዮቶ ሰው ቢሆን ስለ አቀማመጥ፣ ስለ መስመር፣ ስለ ባዶ ቦታ ብዙ ታወራ ነበር። እዚህ ዳስ ውስጥ ግን አንዱም ቃል አልመጣላትም።

እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ዓይኑ ማን ነው?» አሉ። «አንችም እኮ እዚያው ነው ያደግሽ።»

ያን ጊዜ ገባት። ጌታን የሚገርፉት፣ ሠላሳ ብሩን የሚቀበለው ይሁዳ፣ ከሰማዕቱ ፈረስ ሥር የወደቀው ክፉ ንጉሥ፣ ሰይጣኑ፤ ሁሉም ጎናቸውን ዞረው ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ጻድቃኑና መላእክቱ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያያሉ። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ቆማ ስታስቀድስ፣ ሲደክማት ባለ አንድ ዓይኖቹን እየቆጠረች ነበር ቅዳሴውን የምትጨርሰው። እንዴት እንደረሳችው አላወቀችም። ረሳሁት ማለትም አትችልም፤ ሌላ ነገር ተምራ በላዩ ላይ ደርባበታለች።

*

ብርቱካን ወደ ደብረ ታቦር የተመለሰችው በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ውጭ ኖራለች፤ አብዛኛውን ጃፓን፣ ኪዮቶ በሚባል ከተማ፣ እንጨት ቀርጸው ሥዕል በሚያትሙ ሰዎች ዘንድ። ለምን ተመለስሽ ሲሏት ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ ትሰጣለች። ለዘመዶቿ «ናፈቃችሁኝ» አለች። ለቀበሌው ሰው «ሥራ ልጀምር ነው» አለች። ለራሷ የነበራት መልስ «ደከመኝ» የሚል ብቻ ነው፤ ድካሙ ግን አብሯት አገር ስለገባ እሱንም ማመን ትታለች። ሻንጣዋን ግማሹን አራግፋ ግማሹን እንደታሸገ አልጋዋ ሥር ገፋችው።

የተከራየችው ከወይዘሮ ሩቅያ ነው። ሩቅያ ገበያው ዳር ክርና ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ክፍሉ ከሱቁ ጀርባ ነው። ብርቱካን እንደገባች ከጃፓን ያመጣቻቸውን አራት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ሦስቱ ሴቶች፣ አንዱ ወንድ። አንዷ የፀጉሯን ማበጠሪያ ታስተካክላለች፣ አንዷ መስታወት ታያለች፣ ሦስተኛዋ የእጅጌዋን ጫፍ ነክሳ ቆማለች። ወንዱ የቲያትር ተጫዋች ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ ጣቶቹን ዘርግቷል። ኪሞኖ የሚሉትን ሰፊ ልብስ ነው ሁሉም የለበሱት፤ የአንዱ ጨርቅ ማዕበል አለበት፣ የአንዱ ሐረግ፣ የአንዱ በረው የሚሄዱ ወፎች።

ሩቅያ የቤታቸውን ግድግዳ ሊያዩ መጡና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ መረመሩት።

«መልበሱንስ ለብሰዋል፣ ወላሂ» አሉ። «ፊታቸው ግን ምነው አንድ ሆነ? እኅትማማች ናቸው?»

«አይደሉም እትዬ ሩቅያ። የዚያ ዘመን ሠዓሊ ፊት ላይ ብዙ አይደክምም። ማን እንደሆነች የሚናገረው ልብሷ ነው።»

«እሱ እንኳ ደግ አስበዋል። እኔም ደንበኛዬን የማውቀው በገዛችው ጨርቅ ነው።» ወደ ወንዱ ዞሩ። «ይሄስ? ምን ተሰርቆበት ነው እንዲህ የሚያፈጥ?»

«ቲያትር ነው እኮ።»

«የአንዷ ባል መስሎኝ ስፈራላት ነበር» ብለው እየሳቁ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ።

ከተማው ውስጥ ወሬው «ሠዓሊዋ» ብሎ ስም አወጣላት። ብርቱካን ግን ሠዓሊ አይደለችም፤ ይህን ለሰው ማስረዳት ታክቷት ተወችው። በዚያ ሥራ አንዱ ይሥላል፣ አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ያትማል። እሷ የተማረችው መቅረጽ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ያሰፈረው መስመር በእንጨቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀራጩ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት እየፈለፈለ ያወጣና መስመሩ ብቻውን ቆሞ እንዲቀር ያደርጋል። ያስተማሯት አዛውንት ሞሪታ ይባላሉ። የሚናገሩት ትንሽ ነበር፤ የተናገሩትን ግን ደጋግመው ይናገሩታል። ቀራጭ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሠዓሊው ያላየውን ቀራጭ አያይም። ብርቱካን በሥራዋ ውስጥ የራሷ እጅ እንዳይታወቅ ስትለፋ ዓመታት አለፉ፤ በመጨረሻም አልታወቀም። ያን ዕለት ሞሪታ አጎንብሰው አመሰገኗት። እሷ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ የራሷ የምትለው መስመር እንኳ እንደሌላት አሰበች፤ ከዚያም ወዲህ ይህ ሐሳብ አልተዋትም።

እትዬ አሰለፈች የመጡት ልጃቸውን በቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብርቱካንና ፈንታነሽ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነበር የተማሩት። ብርቱካን ከሄደች በኋላ ፈንታነሽ አገባች፣ ባሏን ፈታች፣ ወደ መተማ ወረደች። እዚያ ምግብ ቤት አለኝ ትል ነበር። ሰው ደግሞ የራሱን ይላል። ታማ ሆስፒታል ገብታ እዚያው አረፈችና፣ ብርቱካን አብሮ አደጓን ለማየት የተመኘችው ሁሉ ቀብር ሆኖ ቀረ።

እናትየው ከደጃፉ ቆመው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ከፈንታነሽ ቦርሳ የተገኘች ትንሽ ፎቶ ናት። ለቦርሳው ኪስ እንድትበቃ ዳር ዳሯ በመቀስ ተቆርጧል። ፈንታነሽ ፎቶ ቤት ገብታ፣ ከተሣለ ፏፏቴ ፊት ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጎን መልሳለች።

«ሌላ የላትም» አሉ። «መተማ የነበረው ሁሉ እዚያው ቀረ። ፎቶ ቤት ወስጄ አጉሉልኝ ብላቸው ጉም አርገው ሰጡኝ። ልጄን ጉም ውስጥ አቁሜ ሰው አልጠራም።»

ቀና ሲሉ ግድግዳውን አዩት። ማበጠሪያ የያዘችውን ሴት ረዘም አድርገው ተመለከቷት።

«እነዚህን አንች ነሽ የሠራሽ?»

«ሌላ ሰው ነው የሣላቸው። ቅርጹን አወጣሁት እንጂ።»

«ብቻ በእጅሽ ነው?»

«በእጄ ነው።»

«እንግዲያ ፈንታነሽንም እንደዚህ አርጊልኝ። ቀሚሷን ደህና አርጊው፤ ፈትሉን እኔ ነኝ የፈተልሁት።» ፎቶዋን ከነመሐረቡ አቀበሏት። «የሚሉትን ትሰሚ የለ። በቁሟ አሏት፣ ሞታም ይሏታል። ተዝካሯ ቀን እንኳ ገብቶ የሚበላው ሰው ቀና ብላ ይያት። ሌላ ምንም አልፈልግ።»

ብርቱካን እሺ ስትል ምን እሺ እንዳለች በሙሉ አላሰበችውም። ማንም በሥራዋ ይህን ያህል ፈልጓት አያውቅም ነበርና እሺታው ከአፏ ቀድሞ ወጣ።

ሥራውን በነጋታው ጀመረች። ከአናጺ የገዛችው የወይራ ጣውላ መሮዋን ቢያስቸግረውም ቀጭን መስመር ይዞ ይቀራል፤ ለቀለሙ ዋንዛ ይሻላል። ፎቶዋን ሠሌዳ ላይ አስቀምጣ እንዳትንሸራተት ጠርዟን በወረቀት ፕላስተር አጣበቀቻት። በአጉሊ መነጽር እያየች መስመሩን ቀዳች። ፊቱን ቶሎ ጨረሰችው። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ቀሚሱ ወሰደው። የጥለቱን እያንዳንዷን ጥርስ፣ የመቀነቱን ዘርፍ፣ የፈትሉን ወፈርና ቀጠን ማለት አወጣችው። ለቀዩ አንድ ጣውላ፣ ለአረንጓዴው አንድ፣ ለጥቁሩ አንድ። ወረቀቱን በጣውላው ላይ ዘርግታ በቀርከሃ ቅርፊት በተለበጠው ክብ ማሻ ከጀርባው ስታሸው ክንዷ እስኪዝል ነበር። ሁለተኛውን ዓይን ልጨምርበት ይሆን የሚል ሐሳብ አንድም ጊዜ አልመጣባትም። ፎቶው ላይ የለም፤ የሌለውን አትቀርጽም።

*

ዳሱ ውስጥ ከእትዬ አሰለፈች ጥያቄ በኋላ ሰው ወደ ምግቡ አልተመለሰም። አንገቶች ወደ ምሰሶው ዞሩ። ጥግ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል እትዬ ውዴ የሚባሉት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው ተናገሩ፤ ሹክሹክታቸው ሹክሹክታ አይደለም።

«አብራት የተማረች ናት እኮ። ብታውቅ ነው እንጂ ዝም ብላ እንዲህ አታደርጋት።»

«ተይ እንግዲህ፣ የሰው ዳስ ነው» አለቻቸው ሌላዋ።

«እኔ ምን አልሁ? ሥዕሉ ነው ያለው።»

ይህን የፈንታነሽ ታናሽ ወንድም ሙላቴ ሰማ። ይፋግ ከተማ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ጠላ የሚቀዳበትን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ወደ ምሰሶው ሄደ፣ ሥዕሉን ከሚስማሩ አወረደው። አልቀደደውም። ወረቀቱን መሐል ለመሐል አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። የኪዮቶ ወረቀት ለስላሳ ስለሆነ ሲታጠፍ ድምፅ አላሰማም።

«ብሉ እንጂ» አለ ለሰዉ። «ለእሷ ብላችሁ ብሉ።»

ብርቱካን እስከ መጨረሻው ቆየች። ብትሄድ የእትዬ ውዴን ነገር እውነት ታደርገዋለች፤ ስለዚህ ሰሃን ሰበሰበች፣ አግዳሚ ወንበር ተሸከመች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። እንግዶቹ ሲያልቁ እትዬ አሰለፈች ከጓዳው በር ላይ ጠሯት።

«ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ስትለፊ አይቼሻለሁ። ቀሚሷን እንዳየሁት ልጄ መሆኗን አወቅሁ፤ ጥለቷ አንድ አልጎደለ።»

«እትዬ፣ ፎቶው ላይ አንድ ዓይን ብቻ ስላለ ነው እኮ። ፎቶው ያለውን ነው የሠራሁት።»

«ፎቶማ ያገኘውን ነው የሚያነሣ። ልብ የለው፣ ምን ይፈረድበታል። አንች ግን በእጅሽ ነው የሠራሽው።»



ሙላቴ ከኋላቸው መጣ። «እማዬን ነገ ይዣት እሄዳለሁ» አለ ወደ ብርቱካን ሳያይ። «እዚህ ብቻዋን የወሬ መዋያ አትሆንም። ፎቶዋን በጠዋት መናኸሪያ አምጭልኝ፤ እሷን እንኳ አንጣት።»

*

በማግስቱ ማለዳ ከጉና የሚወርደው ንፋስ የሱቁን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ብርቱካን ፎቶዋን ከሠሌዳው ለማላቀቅ ፕላስተሩን ቀስ እያለች ላጠችው። ከላይ ተላጠ፣ ከሥር ተላጠ። በግራ በኩል ያለው ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ። ስታጣብቀው የፎቶ ቤቱ መጋረጃ መስሏት ነበር፤ በደንብም አላየችው። መጋረጃ አይደለም። የጣት ውፍረት የማይሞላ የሹራብ ትከሻ ነው፤ ሰማያዊ፣ በላዩ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ የሚል ነጭ መስመር።

ሹራቡ የብርቱካን የራሷ ነው፤ የገዛ እናቷ ናቸው የሠሩላት። ነጩ መስመር ትከሻው ላይ ሲደርስ እናቷ ተሳስተው አንድ ጥርስ ዘለው ነበር፤ ያ የተዘለለው ጥርስ ፎቶው ላይ አለ።

ማን እንደሆነች የሚናገረው ልብሷ ነው ብላ ለሩቅያ የነገረቻቸው ራሷ ናት። አሁን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ፎቶው የተነሣው እሷ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበት ዋዜማ ነበር። ፈንታነሽ «ሳንነሣ አትሄጅም» ብላ ጎትታ ፎቶ ቤት አስገባቻት። ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጅ ስለነበር ብርቱካን ፎቶውን ሳታይ ሄደች፤ ከዚያም ጨርሳ ረሳችው። ፎቶ አንሺው «ወደ እኔ እዩ፣ አትንቀሳቀሱ» አለ። ብርቱካን አልተንቀሳቀሰችም። ደረቷን ነፍታ ወደ መስታወቱ ዓይን አየች። ከጎኗ የፈንታነሽ ድምፅ መጣ፤ «ፈገግ በይ እንጂ፣ ፓስፖርት አስመሰልሽው እኮ።» ከዚያ ብልጭታው።

ፈንታነሽ የዞረችው ወደ እሷ ነው። ሁለተኛው ዓይኗ የሄደው እዚያ ነው፤ ብርቱካንን እያየ ነበር። ያን ፊት ከነሁለት ዓይኑ ሊያይ ይችል የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ወደ ካሜራው ይመለከት ነበር።

ፎቶዋን መሐረቡ ውስጥ ጠቅልላ እየሮጠች ወጣች። መናኸሪያ ስትደርስ የወረታው ሚኒባስ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል። እትዬ አሰለፈች በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ሙላቴ ከጎናቸው ነው። መሐረቡን በመስኮቱ አቀበለችው።

«እትዬ፣ ሌላ እሠራለሁ» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሁለት ዓይን ያላት።»

እትዬ አሰለፈች አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው አስተያየት ነው። «ከየት አምጥተሽ?» አሉ።

«ትናንት የጠየቁኝን ዛሬ...»

«ብርቱካን፣ እስኪ ተይን» አለ ሙላቴ። መስኮቱን ሳበው። በክፋት አይደለም፣ ንፋሱ ይገባ ነበር። ረዳቱ ብርቱካንን «ትሄጃለሽ፣ አትሄጅም?» ሲላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች፤ እሱም በሩን ዘጋው።

*

ሁለተኛውን ሥዕል ለመጀመር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ጣውላውን ታነሣለች፣ ትጠርበዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። በመካከሉ ከአዲስ አበባ ለማስተማር ሥራ ያመለከተችበት ቦታ ደውሎ ነይ የሚል ቃል ሰጣት፤ እሺ አለች፣ ከዚያ የሚቀጥለው ወር ይሁንልኝ አለች፣ ከዚያ ሲደውሉ ስልኩን አላነሣችም። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር አወጣችና መልሳ ገፋችው።

ፊቱ አልመጣ አላት። የፈንታነሽን ሳቅ ታስታውሳለች፤ ጥርሷን በእጇ የምትሸፍንበትን፣ አስተማሪ ሲቆጣ በክርኗ የምትጎስማትን። ዓይኗን ግን ስትፈልገው ይጠፋል። አንዳንዴ ያገኘችው ይመስላትና በእርሳስ ታሰፍረዋለች፤ ቆይታ ስታየው ከግድግዳው ሴቶች የአንዷ ዓይን ነው። ሌላ ጊዜ የመልአክ ዓይን ይሆንባታል፣ ትልቅና ክብ፣ ማንንም የማያይ። ጃፓን ብትሆን ሞሪታ ፊት ወረቀቱን ታስቀምጥና እሳቸው ይወስኑላት ነበር። እዚህ የሚጨምርም የሚቀንስም እሷው ብቻ ናት።

ሩቅያ ምሳ ሲያመጡላት ወለሉ ላይ የተበተነውን ወረቀት ዘለው ገቡ።

«ይሄ ሁሉ አንዲት ሴት ነው?»

«ልትሆን ነው እንጂ ገና አልሆነችም።»

አንዱን አነሡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት። «ፈንታነሽ እኔ ዘንድ ክር ትገዛ ነበር። ስታይሽ እንዲህ ቀጥ አርጋ አታይም። አንዱ ዓይኗ ሁልጊዜ ሊስቅ ነው፣ አንዱ ደግሞ ይጠብቀዋል።» ከዚያ ሳቁ። «ወይ እኔ ነኝ የጨመርሁት። አላህ ያውቃል። ስንት ዓመት ሆነው።»

«ግራው ነው የሚስቀው ቀኙ?»

«አንችዬ፣ እኔ ክር ነበር የምሸጥላት።»

ብርቱካን ዕለቱን ሳትበላ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ግራው ይሁን ብላ ወሰነች። እውነት መሆኑን አላወቀችም። ማንም አያውቅም። በእርሳስ አንዲት አጭር መስመር ከግራው ዓይን ሥር አሰፈረች፤ ማንም ያልሣለላት፣ ፎቶ ላይ የሌለች መስመር።  መስመሯ ትንሽ ወፍራ ወጣች፣ ወረቀቱ ላይ ማቃናት ይቻል ነበር። አላቃናችውም። እንዳለች ለጥፋ ቀረጸቻት።

ቀሚሱን ከአሮጌዎቹ ጣውላዎች አላተመችም፤ የድሮው ቀሚስ ጎኑን የዞረ ነው፣ ይህ ፊት ለፊት ነው። ጥለቱን እንደገና ጥርስ በጥርስ ቀረጸችው። ከደረቷ መሐል ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርደው ቀይና አረንጓዴ አሁን እንደ በር መቃን ቀጥ አለ። ፈንታነሽ በሁለት ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ውጭ ታያለች። ትመስላለች? አንዳንድ ቀን ትመስላለች። አንዳንድ ቀን ብርቱካን ከክፍሉ ወጥታ ስትመለስ የማታውቃት ሴት ግድግዳው ላይ ትጠብቃታለች። ከኪዮቶ ካመጣችው ወረቀት የቀረው ይህ የመጨረሻው ነበርና ሌላ ማተም አልቻለችም።

ይዛው ይፋግ ለመውረድ አሰበች። ወረታ ወርዶ ወደ ጎንደር የሚሄደውን መኪና መያዝ ነው፣ ከዚያ ብዙም አይርቅም። አንድ ቀን ጠቅልላው መናኸሪያ ድረስ ሄደች። ሙላቴ የሳበው መስኮት ትዝ አላትና ተመለሰች። አንዴ ተጠርታ ሥዕል ይዛ ገብታ ሰው አስከፍታለች፤ ሁለተኛ ሳትጠራ መግባት አልሆነላትም። ደግሞስ እትዬ አሰለፈች ቢያዩትና ይህች ልጄ አይደለችም ቢሉስ?

በመጨረሻ ሥዕሉን በሱቁ ደጃፍ፣ በቀን ብርሃን፣ ሩቅያ ጫፍና ጫፉን ይዘውላት በስልኳ አነሣችው። እንዳይንቀሳቀስ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነበር ያነሣችው።

«ታይ የለ» አሉ ሩቅያ ከሥዕሉ ጀርባ አንገታቸውን ብቅ አድርገው። «ምን ታስቢያለሽ፣ ላኪያት።»

በቴሌግራም ለሙላቴ ላከችው። ከሥሩ የሚከተለውን ቃል ለመጻፍ ግን ከሰዓቱን ሁሉ ስትጽፍና ስትሰርዝ ዋለች። መጀመሪያ ስለ ሹራቡ፣ ስለ ፎቶ ቤቱ፣ ስለ ፓስፖርቱ ቀልድ ጻፈች፤ ሁሉንም አጠፋችው። የቀረው ይህ ነበር፦

«ሙላቴ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሥዕሏ ይቺ ናት። እባክህ ለእትዬ አሳይልኝ። የጠየቁኝን አሁን ልነግራቸው እችላለሁ፤ በስልክ ግን አይሆንልኝም። ቅር ካላላቸው ይዤያት ልምጣ?»

በማግስቱ ጠዋት ስታየው መልእክቱ ተነብቧል። አሳይቷቸው ይሁን አይሁን አላወቀችም። ስልኳን ደረቷ ኪስ ውስጥ አድርጋ ወደ ገበያ ወጣች፣ ተመለሰች፣ ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሥዕሏን ንጹሕ አቡጀዲ ውስጥ ጠቅልላ፣ ለመሄድ ስትነሣ እንዳትፈልጋት ከበሩ ጀርባ አቆመቻት። ዝናቡ ሲጀምር ግድግዳው ስለሚረጥብ ወደ ውስጥ አዛወረቻት። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ከሙላቴ ምንም አልመጣም።